በአጥሩ ሥር ያደረው ቀርከሃ

«ውሃው ዛሬ ደግ ነው፣ አክስቴ ዓኢሻ። ትናንት ያ ሁሉ ነጎድጓድ ወርዶበት ደፍርሶ ነበር፤ ዛሬ ፊት ያሳያል። ጉልበትዎ እንዴት አደረ? … ደግ። ወርቁንስ አገኙ? ያቺ ወርቅ የሚያጠራቅሙባት የአሞራ ላባ ዘንግ እስካሁን ግማሿም አልሞላች፣ አይደል? ግድ የለም፣ ግብር ሰብሳቢው እስኪመጣ ትሞላለች። … አልሰሙኝም? እኔው ጮክ እላለሁ።»

ብኸይታ ጮክ ማለቷን ጅረቱ ሁሉ ያውቃል። ከመንጌ መንደር በታች ሴቶች ወርቅ ሊያጥቡ ሲወርዱ፣ እሷ ገበቴዋን ይዛ ዘወትር የምትቀመጠው ጆሮዋ ከደከመው ከአሮጊቷ ዓኢሻ ጎን ነው። ጆሮው ለደከመ ሰው ድምፅ ከፍ ቢያደርጉ ማን ይቀየማል? ዛሬ ከሁለቱ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ አንዲት ሴት ለብቻዋ ጎንበስ ብላለች። የብኸይታ የአጥር ጎረቤት ናት። የሙሽርነቷ ሂና ከእጇ ገና አልለቀቀም። ታጥባለች ይባል እንጂ ገበቴዋ መዞር ካቆመ ቆይቷል።

«አንዳንድ ሰው ግን እንዴት ይበረታል፣ አክስቴ? ሙሽራ ሆኖ ሳለ ወንዝ መውረድ። ሌላዋ ብትሆን ቅባት እየተቀባች ቤቷ ትከርም ነበር። አላህ ሲሰጥ እንዲህ ያለ እጅ ይሰጣል… የደረሰበትን ሁሉ የሚይዝ።

«እኔ መቼም ወንድ አልወድም፣ ያውቁኛል። የደጋው ጦር አልፎ ከሄደ ወዲህ ወንድ እንደ ወርቅ ሆኗል ይላሉ። እንደ ወርቅስ ሆኗል፤ ወገብ እስኪቆረጥ አፈር ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ በመጨረሻ ገበቴው ውስጥ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው። አህያ እንኳ ብታናድድም ውሃ ትሸከማለች። ይህን ስል ሴቱ ሁሉ ይስቃል። አንዳንድ ሰውም ይስቅ ነበር፤ እየሳቀ ግን አንዲት ቃል አይጥልም፣ ይለቅማል። ለካ ቀልዴን ለክፉ ቀን እያስቀመጠልኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?»

ቀልዱ የብኸይታ የደጅ መቀርቀሪያ ነበር። ባሏ ልጅ ሳይተውላት በወጣትነቷ ሞቶ፣ እነሆ ጠጉሯ ሸብቷል። ማታ ማታ ለአንድ ሰው ብላ የምታገነፋው ገንፎ ሁልጊዜ ይተርፋት ነበር። ዘንድሮ ግን ትርፉን የሚበላላት አገኘች። ሚስቱ የሞተችበት የዐወድ ትንሽ ልጅ ኢንቲሳር ከታች ሰፈር ብቅ ትልና፣ በልታ እዚያው ጭኗ ላይ ትተኛለች። አባትየው ሊወስዳት ሲመጣ፣ ልጅ ለመቀበል ከሚያስፈልገው በላይ ደጇ ላይ ይቆማል። ብኸይታም፣ «እግርህን ምስጥ በላው እንዴ፣ ሂድ እንጂ» እያለች ትሸኘዋለች። ከሄደ በኋላ ጭኗ ላይ የቀረውን ሙቀት በእጇ ዳብሳ ነው የምትነሳው።

በዚያ መንደር ሚስት የሞተችበት ሰው ባል የሞተባትን ሴት ሲፈልግ ሽማግሌ አይልክም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ አስሮ ከአጥሯ ሥር ያኖራል። ፈትታ ወደ ግቢዋ ካስገባችው እሺ ማለቷ ነው። ከተወችው ምስጥ ይበላዋል፣ ነገሩም አብሮ ያልቃል፣ ማንም አያፍርም። ታዲያ ጨዋ ሴት የዚያኑ ለት አትፈታውም። የተራበች እንዳትባል ጥቂት ታሳድረዋለች።

«እናልዎ፣ አክስቴ፣ አንዲት ሞኝ ነበረች አሉ። ቀርከሃው ከአጥሯ ሥር ቢገኝ ጨዋ ነኝ ብላ አሳደረችው። ወጥታ ታየዋለች፣ ትገባለች። ግቢዋን ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሏት አድጋ ነዋ። ይኸው የቸኮለችዋ አንዲት ሳታፈስ ለቀመችው። አሁን ይሄን ተረት ማን ይጠግንልናል?

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ማን ነቀነቀ? አጥሩ ንቅንቅ አላለም። እጅ ብቻ በቀዳዳው አለፈ… ያ ሁሉ ቀርከሃ፣ ሳይንኮሻኮሽ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ሌባ አልኩ እንዴ? ለምሳሌ ያህል ነው። ሲጠይቋት ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ምስጥ እንዳይበላው አዝኜ ነው፤ እሷ እንደሆነች ወንድ አትወድም።› አዝና ነው፣ አክስቴ። ለእንጨት እንኳ የሚያዝን ልብ… ሰው ላይ ሲደርስ እንዴት ይሆን የሚያዝነው?»

ዐወድ ለብኸይታ ባኖረው ማግስት ምሽት መጥቶ ቀርከሃውን ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ተፈትቶ አገኘው። የፈታችው፣ እሷም ባል የሞተባት የአጥር ጎረቤት፣ ተኳኩላ ቆማለች፤ ሰፈርተኛውም ወጥቶ ያያል። ቀርከሃን አንዴ የፈታችን ሴት «ላንቺ አልነበረም» የሚልበት ቃል ያ መንደር የለውም፤ ብሎም ቢሆን ውርደቱ ለሦስቱም ነው። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ ብኸይታ ደጅ አንድ ጊዜ አየ፣ ከዚያ አጎንብሶ ወደ ማዶው ግቢ ገባ። በኋላም ልጁን ይዞ ጠቅልሎ ገባ። በሰርጉ ቀን የቅል መለከቱ ሲነፋ ከሁሉ በላይ የሳቀችውም የጨፈረችውም ብኸይታ ነበረች። ማታ ቤቷ ገብታ ገንፎ አገነፋች፤ ተረፋት።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት እውነት ነው። የቅርብ ሰው… እጁ ይደርሳል። ደግሞ ሥራ አይንቅም። ዛሬ ጠዋት ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ የአጥሩን ቀዳዳ በዚያው ቀርከሃ ሲደፍን አየሁ። በዚያው ቀርከሃ፣ አክስቴ። ምንም አይባክን እኮ። መጀመሪያ ባል አመጣ፣ አሁን ደግሞ አጥር ሆነ። ሲያልቅ ማገዶ ይሆናል። ግማሹ ተደፍኗል፤ የቀረውን ማታ ትጨርሰዋለች። ለምን እንደሆነ እንጃ። ዶሮ የላት፣ ፍየል የላት፣ ምን እንዳይሾልክባት ይሆን?»

ለምን እንደሆነ ግን ጅረቱ ላይ ያሉት ሦስቱም ሴቶች ያውቁታል። ትናንት ነጎድጓዱ ሲወርድ ኢንቲሳር ከእንቅልፏ ባንና፣ በአባቷ በኩል አልፋ፣ በአዲሲቱ ሚስት በኩል አልፋ፣ በጨለማው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ብኸይታ ጭን ውስጥ ገብታ ተሸጉጣ ነበር። የወሰዷት እያለቀሰች ነው። ብኸይታ ዛሬ ወንዝ የወረደችው ለወርቅ አልነበረም።

ላይኛዋ ሴት ገበቴዋን አራግፋ ተነሳች። ጭቃው ወደ ታች ወርዶ የሁለቱን ውሃ አደፈረሰው። ወደ መንደር የሚያወጣው መንገድ በእነሱ በኩል ነውና ዓይኗን ሰብራ ትመጣ ጀመር። ብኸይታ እርጥብ እጆቿን በቀሚሷ ጠርጋ ለዱዓ ዘረጋቻቸው።

«አክስቴ፣ እርስዎም እጅዎን ዘርግተው አሚን ይበሉኝ። እኛ ባንመርቅ ማን ይመርቃል? አላህ ቤቷን ይሙላላት። አጥሯ ይጥበቅላት፣ ምስጥም አይድረስበት። ባሏ በእንቅልፉ የሚጠራው ስም የራሷ ስም ይሁን።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዓኢሻ አልሰማችም። መስማት የነበረባት ግን ከአጠገባቸው ደርሳ ነበር።

«ቀዳዳውንም በሰላም ደፍና ትጨርሰው። ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር… ልጅቷ ‹እማ› ብላ የምትሮጠው ወደ እሷ ይሁን።»