ተፈትሾ አልፏል

(ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጥጋቡና አጸደ የተባሉ ባልና ሚስት የሠርግ ካርድ በእጃቸው በሚሠሩባት አንድ ክፍል ሱቅ፤ ከምሳ በኋላ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ውጭ ሁለት ሰዎች ያንኳኳሉ።)

አጸደ፦ ትፋው አልኩህ! የነጠላ ጫማ ሶል ይታኘካል እንዴ?

ጥጋቡ፦ እምም... ጠርዙ... ጠርዙ ለስልሷል።

አጸደ፦ ትፋው ጥጋቡ፣ ሊያንቅህ ነው!

ጥጋቡ፦ እንትፍ! ቀስ በይ፣ ድምፅሽን! አሁንም በሩ ላይ ናቸው?

አጸደ፦ ናቸው። በስንጥቁ ይታዩኛል፤ አንደኛው በቁልፉ ቀዳዳ ሊያይ ጎንበስ ብሏል። ምንድን ነው ነገሩ? ደንበኛ ሲያንኳኳ ከሶል የጠረበውን ማኅተም የሚበላ ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ጥጋቡ፦ ደንበኛ አይደሉም፣ የኬላ ፈታሾች ናቸው። ረጅሙን አውቀዋለሁ። ዓምና አንዲት ግመል በዓይኑ ብቻ ፈትሾ የላሰችውን ጨው በኪሎ ነገራት።

አጸደ፦ ጀመረህ!

ጥጋቡ፦ አባቴ ይሙት! ግመሏ አፍራ እዚያው ተኛች።

አጸደ፦ አባትህን ስንቴ ነው የምትገድላቸው? ይልቅ ተናገር፤ ፈታሽ ካርድ ሠሪ ቤት ምን ይሠራል?

ጥጋቡ፦ የወይዘሮ ፋንቱን ልጅ ሠርግ ታስታውሻለሽ? ስጦታው ላይ የሚንጠለጠሉትን ካርዶች?

አጸደ፦ እኔ አይደለሁ እንዴ ሁለት መቶውን በመቁረጫው ብረት የቆረጥኩት? ክንዴን እስከ ዛሬ ያመኛል። የልብ ቅርጽ፣ ራሱ ላይ ቀዳዳ፣ ቀይ ሪባን።

ጥጋቡ፦ እላዩ ላይ የመታሁትን ማኅተምስ?

አጸደ፦ ርግቧን?

ጥጋቡ፦ ርግቧን ስጠርብ ምላጩ አዳለጠኝና ምንቃሯ ተቆለመመ። ንስር ሆና አረፈችው። እጄ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ዙሪያዋን ክብ አደረግሁና ኮከብ ደረደርኩበት። ከሥር ለሳቅ ያህል «ተፈትሾ አልፏል» አልኩ። ሙሽራዋ ስጦታውን ፈትሻ ወደደችው ለማለት እኮ ነው! ሠርገኛው ይሳቅ ብዬ!

አጸደ፦ በምን ቀለም መታኸው?

ጥጋቡ፦ ቀዩ አልቆ ነበር።

አጸደ፦ በምን ቀለም ጥጋቡ?

ጥጋቡ፦ በወይን ጠጁ።

አጸደ፦ ወይኔ ጉዴ! ክብ፣ ኮከብ፣ ወይን ጠጅ! የቀረህ እኮ ወንበርና ጸሐፊ ብቻ ነው!

ጥጋቡ፦ አንዱ ሠርገኛ ካርዷን ወይፈን ቀንድ ላይ አንጠልጥሎ በአይሱዙ ሲያልፍ ኬላው ላይ ገመዱን ዝቅ አደረጉለት። የነካው ሰው የለም። እሱ ለጎረቤቱ አወራ፣ ጎረቤቱ ለባቲ ፍየል ነጋዴ...

አጸደ፦ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሹፌር ካርድ ሲገዛ የሰነበተው?

ጥጋቡ፦ እኔማ ሰዉ ስጦታ መስጠት የለመደ መስሎኝ! ደስ ብሎኝ ሪባኑ ላይ አበባ ጨመርኩላቸው። ትናንት መቶ ሃምሳ ፍየል፣ እያንዳንዷ አንገቷ ላይ ልብ አንጠልጥላ ስታልፍ ነው የነቁት።

አጸደ፦ መቶ ሃምሳ?

ጥጋቡ፦ አሥራ አምስት። ግን አንዷ መንታ እርጉዝ ነበረች።

አጸደ፦ ይኼም ተረትህ በሆነ!

ጥጋቡ፦ እኔም ተረት ቢሆንልኝ ምናለ! ዛሬ ጠዋት ረጅሙ ሰውዬ ካርዷን ይዞ መናኸሪያ ውስጥ «የዚህ ማኅተም ባለቤት ማነው?» እያለ ሲዞር በዓይኔ አየሁት። አጸዱ፣ የመንግሥት ማኅተም አስመስለሃል ካሉኝ አለቀልኝ፤ የምወጣበትን ቀን እንጃ።

አጸደ፦ በል ተቀመጥ። ውሃ ጠጣ።

ጥጋቡ፦ ሰማሽ? አሁን በቡጢ ነው።

አጸደ፦ ሰማሁ። የእኔም ልብ ከእነሱ ጋር እያንኳኳ ነው። ስማኝ፤ እኔ እወጣላቸዋለሁ። የጠረብኩት እኔ ነኝ፣ ርግብ ናት፣ እጄ ስቶ ነው እላቸዋለሁ።

ጥጋቡ፦ ቢያስሩሽስ?

አጸደ፦ ይሰሩኛ! ምን ላድርግ፣ ባሌ ነህ። ከነውሸትህ ነው የወሰድኩህ።

ጥጋቡ፦ አጸዱ... እንግዲያው ከመውጣትሽ በፊት ክብ የሆነውን ሁሉ እንሰብስብ። እሳት ውስጥ እንጨምረው። ግድግዳው ላይ ያለውንም አውርጂው።

አጸደ፦ የቱን? የጋብቻ ወረቀታችንን?

ጥጋቡ፦ እሱም ክብ ማኅተም አለበት።

አጸደ፦ እሱማ የማዘጋጃ ቤት የእውነት ማኅተም ነው! እንዲያውም ይዤው ልውጣ። «የመንግሥት ማኅተም እንዲህ ነው፣ የእኛ ጨዋታ ነው» ብዬ አስተያይቼ አሳያቸዋለሁ።

ጥጋቡ፦ አይሆንም! እሱን እንዳታሳያቸው!

አጸደ፦ ለምን?

ጥጋቡ፦ በማርያም፣ በሩን ሊሰብሩት ነው።

አጸደ፦ ይስበሩት። ለምን አልኩህ?

ጥጋቡ፦ ያን ዕለት... ወረቀቱን ላወጣ ብቻዬን ስሄድ ማዘጋጃ ቤት ሰልፉ ረጅም ነበር። ጭራው ደሴ ይደርስ ነበር።

አጸደ፦ ጥጋቡ!

ጥጋቡ፦ አራት ሰው ነበር። ግን ጸሐፊው የሚመጣውን ሁሉ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» እያለ ሲጽፍ ሰማሁት። ለአንቺ ደግሞ ስምንተኛን ጨርሻለሁ ብዬሽ ነበር።

አጸደ፦ አልጨረስክም?

ጥጋቡ፦ በትምህርት ቤቱ በር አልፌያለሁ።

አጸደ፦ እና ወረቀቱን ከየት አመጣኸው?

ጥጋቡ፦ ከዚሁ። ከዚሁ ጠረጴዛ።

አጸደ፦ አሥራ ሁለት ዓመት! «ድግስ ምን ያደርጋል፣ ወረቀቱ ይበቃናል» ያልከኝ አንተ! ለአገሩ ሁሉ የሠርግ ካርድ ስቆርጥ የኖርኩት ያችን ወረቀት ቀና ብዬ እያየሁ አይደለም? ለዕድሩ ሴቶች ሁሉ «የኛ ማዘጋጃ ቤት እኮ ዳር ዳሩን እንደ ዳንቴል ቆርጦ ነው የሚሰጥ» እያልኩ!

ጥጋቡ፦ ለአንቺ ስለሆነ ነዋ። ደረቅ ወረቀት ልስጥሽ?

አጸደ፦ ከላይ ያሉት አበቦችስ? የጋብቻ ወረቀት አበባ እንደማያወጣ እንዴት ጠፋኝ?

ጥጋቡ፦ ስለወደድሽኝ ነው።

አጸደ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እስቅ ነበር። ሁለታችንም አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅለን ኖረናል ለካ።

ጥጋቡ፦ ሰኞ እንሄዳለን! አባቴ... አይ፣ እኔው ልሙት፣ ሰኞ! የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። አሁን ግን ውጪላቸው። ያልሽውን በያቸው። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ፣ ትንፋሼንም አታሰሚያቸው።

አጸደ፦ ግባ።

ጥጋቡ፦ ወረቀቱን አታቃጥይውም?

አጸደ፦ ግባ አልኩህ። እግርህን ሰብስብ።

ጥጋቡ፦ አትሸጭኝም አይደል?

አጸደ፦ መጣሁ ጌቶቼ፣ መጣሁ! መቀርቀሪያው ይዞኝ ነው... እንደምን ዋላችሁ? ባለቤቴን? ባል እንኳ የለኝም፣ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው። ማኅተም ጠራቢውን ከሆነ ግን ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ግቡ።