የኋላ መደገፊያው

ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ፣ መሪጌታ አባቴን ከቅዳሴ መልስ ከባሕር ዳር ዘንዘልማ በሞተር ብስክሌቴ አደርሳቸው ነበር። ልጅ ማቀፍ የማያውቁ ኮስታራ ሰው ነበሩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ወገቤን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይይዙኛል።

ታዲያ መንገዱ እንዳያንገላታቸው ብዬ፣ ከፊት የነፋስ መከላከያ፣ በጎንና በጎኑ ሳጥን አስገጠምሁ። ከኋላም ከአሮጌ አልጋ ብረት መደገፊያና የእጅ መያዣ አስበየድሁ። አባቴ ወጥተው ደገፍ አሉ።

«ተመቸዎት፣ አባባ?» አልኋቸው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። አንተ ላይ መንጠልጠሉ ቀረልኝ» ብለው ብረቱን ያዙ።

እስከ ዘንዘልማ ድረስ ወገቤን የያዘኝ የለም። ከዚያም ወዲያ የያዘኝ የለም። መደገፊያውን ላስነቅለው ስንቴ አሰብሁ። እሳቸው ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዙፋን ሠራልኝ» ብለው አውርተዋል፤ ምን ብዬ ልንቀለው?