ከፈረስ ሳይወርዱ ሰላምታ

(አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የፈረስ ክበብ፣ ድሬሳዥ በሚባለው ፈረስን በስልት የማስኬድ ውድድር ሁለተኛ ቀን ጠዋት፤ ዳኛው ጋሽ ደምረውና ከትናንቱ ዙር የተሰረዘው ወጣት ጋላቢ ይበልጣል ጋጣው አጠገብ ቆመዋል።)

ጋሽ ደምረው፦ አትወርድም አልኩህ። ዛሬ ከዚያ ፈረስ ላይ የምትወርደው ጨርሰህ ከሜዳው ስትወጣ ብቻ ነው።

ይበልጣል፦ እሺ ጋሼ።

ጋሽ ደምረው፦ ትናንትም እሺ ብለህ ነበር።

ይበልጣል፦ ትናንት እሺ ያልኩት ዳኛው እርስዎ መሆንዎን ሳላውቅ ነው። መሐል ሜዳ ደርሼ ቀና ስል እርስዎ ቁጭ ብለዋል። እግሬ እኔን ሳያማክር ወረደ።

ጋሽ ደምረው፦ ደንቡን ታውቃለህ። መሐል ላይ ትቆማለህ፣ ልጓሙን በአንድ እጅህ ትይዛለህ፣ አንገትህን ዝቅ አድርገህ ሰላምታ ትሰጣለህ፣ መንገድህን ትቀጥላለህ። የወረደ ይሰረዛል።

ይበልጣል፦ እርስዎ ከታች ቁጭ ብለው፣ እኔ ከላይ ተኮፍሼ፣ በአንገቴ? በአንገት ሰላም የሚባለው እኮ ጎረቤት ነው፤ እሱም የተኮራረፉት።

ጋሽ ደምረው፦ እዚያ ወንበር ላይ ዳኛ ነኝ። አባትህ አይደለሁም።

ይበልጣል፦ አይደሉም። ገና ነው።

ጋሽ ደምረው፦ ምን አልክ?

ይበልጣል፦ ገና ማለዳ ነው አልኩ። ሣሩ ጤዛ አለው።

ጋሽ ደምረው፦ ስማ። እሁድ ሽማግሌዎች ልጄን ሶስናን ሊጠይቁ ይመጣሉ የሚል ወሬ ደርሶኛል። ዳኛ በወሬ አይፈርድም። ስለዚህ አልሰማሁም፣ እስከ እሁድም አላውቅህም።

ይበልጣል፦ ትናንት ግን ያወቁኝ መስሎኝ ነበር። ብድግ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝና የእናቴ ጉልበት እንዴት ሆነ አሉኝ።

ጋሽ ደምረው፦ ሰው ከፈረስ ወርዶ እጅ ሲነሣኝ ተጎልቼ ልየው? ለሱማ የዳኞቹ አለቃም ጠርቶ ተቆጥቶኛል።

ይበልጣል፦ ተሽሏታል። ልነግርዎ ስል ነው የስረዛውን ደወል የደወሉብን።

ጋሽ ደምረው፦ እሰይ፣ ተመስገን። እኛ ስንሳሳም ግን ፈረስህ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን አበባ እስከ ግንዱ በላው።

ይበልጣል፦ ቦራ ሰላምታ ሲረዝም ይርበዋል።

ጋሽ ደምረው፦ አሁን ስትለማመድ ሳይህ ነበር። ይህን የምነግርህ ታዲያ እንደ ዳኛ አይደለም።

ይበልጣል፦ እንደ ምን ነው?

ጋሽ ደምረው፦ እንደ መንገደኛ። ሶምሶማህ ደህና ነው። ክብ ስትሠራ ግን ክብ አይወጣህም፤ ወደ ተመልካቾቹ በኩል እንቁላል ይሆናል።

ይበልጣል፦ ፈረሱ ነው ወደዚያ የሚያዘነብለው።

ጋሽ ደምረው፦ ፈረሱ ልጄን ከየት ያውቃታል?

ይበልጣል፦ ስኳር ታመጣለታለች።

ጋሽ ደምረው፦ አሃ። ቤታችን ስኳር የማይበረክተው ለካ ለዚህ ነው። ለማንኛውም፣ ዓይንህን በሁለቱ ጆሮዎቹ መሐል አሻግረህ ወደፊት ላከው። እጅህን አታወናጭፍ፤ ዝንብ የምታባርርለት እየመሰለው ነው። ለማቆም ልጓም አትጎትት። ትንፋሽህን ቀስ ብለህ ስትለቅ እሱም ይረጋል።

ይበልጣል፦ ትንፋሽማ እርስዎን ሳይ ራሱ ይጠፋል።

ጋሽ ደምረው፦ ያልኩህን ካደረግህ ከመቶ ሰባ ታገኛለህ፣ ክበቡ ለትልቁ ውድድር ይልክሃል። ከወረድክ ግን ዘንድሮ ከቡድኑ ወጣህ ማለት ነው። አንዲት ሰላምታ ናት፣ ይበልጣል።

ይበልጣል፦ ወንበርዎን ከፍ ቢያደርጉትስ? እዚያ የጭድ ክምር ላይ። ከእኔ ከፍ ካሉ እኮ ነውሩ ይቀራል።

ጋሽ ደምረው፦ ዳኛ ነኝ እንጂ ሽመላ አይደለሁም።

ይበልጣል፦ ወይም እኔ ስደርስ ፊትዎን ቢያዞሩ።

ጋሽ ደምረው፦ ፊቴን አዙሬ ምን ዓይቼ ነጥብ ልስጥ? ሌላ ሰው ነው ብለህ አስብ። ግብር አስከፋይ ነው በል።

ይበልጣል፦ ግብር አስከፋይ... እሱን ከፈረስ ላይ ሰላም ማለት እችላለሁ። እንዲያውም ቶሎ ብዬ ማለፍ እችላለሁ።

ጋሽ ደምረው፦ ቶሎ አይደለም። ቆመህ፣ ተረጋግተህ፣ በአንገትህ።

ይበልጣል፦ በአንገቴ። በቃ ጋሼ፣ አልወርድም።

ጋሽ ደምረው፦ ቃልህ ነው?

ይበልጣል፦ ቃሌ ነው። እግሬን ከእርካቡ ጋር በገመድ ማሰርም ካስፈለገ አስረዋለሁ።

ጋሽ ደምረው፦ ጎሽ። እንግዲህ አንዲት ነገር ቀርታለች። አጠገቤ ሆኖ ነጥብ የሚጽፍልኝ ሰውዬ ታሞ ቀርቷል።

ይበልጣል፦ ይማርልን። ታዲያ ማን ሊጽፍልዎ ነው?

ጋሽ ደምረው፦ ባለቤቴ።

ይበልጣል፦ እትዬ ጠጅቱ?

ጋሽ ደምረው፦ ሌላ ባለቤት የለኝም። ትናንት ከተመልካች መሐል ሆና አይታህ፣ ማታ ራት ላይ ስላንተ ብቻ ስታወራ አመሸች። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ በዚህ ዘመን አለ ወይ፣ ወይስ ለአንድ ቀን ብሎ ነው፣ እስቲ ነገ ቀረብ ብዬ ልየው አለች።

ይበልጣል፦ ቁጭ ብለው ነው የሚጽፉት?

ጋሽ ደምረው፦ ታዲያ ቆማ ልትጽፍ ነው?

ይበልጣል፦ ጋሼ፣ እንግዲያው የዛሬውን አበባ ከጠረጴዛው ላይ ያስነሡልኝ።