ጨው ያተረፈው ቤተ ሙከራ

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰባችሁና ለደከማችሁበት ሁሉ እጅ እነሣለሁ። "ሻይ ብቻ ነው" ብላችሁ አታልላችሁ አመጣችሁኝ፤ ለካ አዳራሹን ሞልታችሁ ትጠብቁኛላችሁ። ባለቤቴም ምሥጢሩን ያውቅ ኖሯል። ጠዋት "ያንን ደህናውን ቀሚስ ልበሽ" ብሎ ሲጨቀጭቀኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ንግግሬ አጭር ነው። ይኸው፣ አጭር ነው ስል የሒሳብ መምህራችን ሰዓቱን አየ። አይዞህ፣ ሳይደወል እጨርሳለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ከሁሉ የወደድኩት የድንቹን ሙከራ ነው። ድንች እኩል እኩል ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ግማሹ ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ንጹህ ውሃ ውስጥ ያደረው ጠጥቶ ይደነድናል፤ ጨው ውስጥ ያደረው ውሃውን ተነጥቆ ይልፈሰፈሳል። ኦስሞሲስ ብለን ልጆቹን የምናስጨንቅበት ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ይህ ድንች ቤተ ሙከራችንን ሊያሳጣን ነበር። ታስታውሳላችሁ? ርዕሰ መምህራችን ያኔ አዲስ ናቸው። ክፍሉን የተሰባበረ ወንበር ማስቀመጫ ሊያደርጉት ቆርጠው ግማሹን ሞልተውታል። ሄጄ ብለምናቸው፣ "ድንች ለመላጥ ክፍል አያስፈልግም፤ ወጥ ቤት አለን" አሉኝ። ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ብለዋል፤ አይካዱ!

"እንግዲያው ነገ መጥተው ይዩ፤ ካልረባ ክፍሉን ይውሰዱት" አልኳቸው። ምላሴን ምን እንደነካው እንጃ።

ወንበሩ መፈናፈኛ ስላሳጣን ድንቹን የዘፈዘፍንባቸውን የመስታወት ዕቃዎች፣ ቢከሮቹን፣ ሻይ ክበብ መደርደሪያ ላይ አሳደርናቸው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው ፊት ለፊት ቆሙ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ተማሪ "ንጹህ ውሃ" ከሚለው ቢከር አንድ ቁራጭ አወጣች። እንደ እርጥብ ገመድ ተንጠለጠለ። ሌላውም ያው። ሁሉም ልፍስፍስ! በልቤ ክፍሉን ተሰናበትኩት።

ልጅቱ ግን ቁራጩን አደራርቃ መዘነችና ቀና አለች።

"ቲቸር፣ ይሄ ንጹህ ውሃ አይደለም። ጨው አለበት።"

"ቀመስሽው እንዴ?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"እዚህ ክፍል ምንም አይቀመስም። ግን ክብደቱ ቀንሷል። ውሃው ከድንቹ የወጣው ውጪ ያለው ጨው ስለበለጠ ነው። ሰው ጨምሮበታል።"

ማን ይጨምራል? ሁላችን እትዬ የምንላቸው የሻይ ክበቧ እናታችን ተጠሩ። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አሉ። "ድንቹ ተልጦ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ባየው፣ መምህርት ሥራ በዝቶባቸው ጨው ረስተዋል ብዬ ለሁሉም አዳረስኩ። ምነው፣ በዛ እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ አልሳቁም። ወደ ልጅቱ ዞረው፣ "ድንች ማንም ይልጣል። ይህን ግን ወጥ ቤት ውስጥ አያስተምሩም። ወንበሮቹን አውጡ" አሉ።

ያን ቀን ኮታችሁን አውልቃችሁ ወንበር የተሸከማችሁ ይኸው ከፊቴ ተቀምጣችኋል። የስፖርቱ መምህር ሁለት ሁለቱን ሲያነሣ፣ የሒሳቡ ደግሞ በየት በኩል እንደሚወጣ ሲያዝዝ ዋለ። ማንም አልለመናችሁም። አመሰግናችኋለሁ፤ ከልቤ ነው። ክቡር ርዕሰ መምህር፣ በሰው ፊት ሐሳብን መለወጥ ቀላል አይደለም፤ እርስዎንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ እርስዎንም ከነጨውዎ!

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ሁሉም ሲበተን ልጅቱን ጠርቼ፣ "እኔ እንኳ አፌ ተሳስሮ፣ አንቺ እንዴት ደፈርሽ?" አልኳት።

"በጣም ፈርቼ ነበር" አለችኝ። "ግን እርስዎ፣ መጽሐፉ ያለውን ሳይሆን ያያችሁትን ተናገሩ ብለውናል።"

መቼ እንዳልኩ አላስታውስም። ሰሌዳ እየጠረግኩ ይሆናል፤ የሚሰማኝ ያለም አልመሰለኝም። እሷ ግን ሰምታኛለች። የዕድሜዬን ደመወዝ የዚያን ቀን ተቀበልኩ።

እናንተም ጤና አይጉደልባችሁ፤ ቤታችሁ ሰላም ይሁን፤ የምታስተምሯቸው ይብለጧችሁ። ደክሟችሁ፣ ማንም አይሰማኝም ብላችሁ የተናገራችሁት ቃል መሬት ጠብ አይበል።