ከጎማው ሥር የተነሳው ድንጋይ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አፀደ ዓምደ ሚካኤል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የቤት እመቤት
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ማርያም መውረጃ መንገድ ዳር፣ የቤት ቁጥር 417
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡30 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ኡበይድ ከማለዲን

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ምስክር በአቶ ኢዛና ወንደሰን ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። አቶ ኢዛና የታክሲ ሾፌር ሲሆን ከባለቤቱ ከወ/ሮ ሰገነት ጋር በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። ከዚህ ሰው ጋር ሰላም የለንም፤ ይህን አልደብቅም። ግቢው የሰው መግቢያ እንጂ ጋራዥ አይደለም። እሱ ግን መኪናውን ተዳፋቱ ላይ አቁሞ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል፤ ዘይቱ እስከ ደጄ ይወርዳል፤ ሲነገረውም ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የጸባችን ዋና ምክንያት አንድ ድንጋይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው ባለቤቴ ወንድይራድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ድንጋዩም ዳገት ላይ ሲቆም መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚያስገባው፣ ራሱ አስጠርቦ ያሠራው ታኮ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ልብስ ሳጥብ ሳፋዬን አስደግፍበታለሁ። አቶ ኢዛና የእጅ ፍሬኑ ስለማይሠራ ሳያስፈቅደኝ እየወሰደ ከኋላ ጎማው ሥር ያደርገዋል። ለእድሩ ዳኛም ለወረዳውም «ድንጋዩ የእኔ ነው» ብዬ አመልክቻለሁ። ሰው ሁሉ ለድንጋይ ትጣላለች ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ በሳምንት አንዴ የሚመጣው ውሃ መጣ። ሳፋዬን ይዤ ስወጣ ድንጋዩ የለም። አቶ ኢዛና የመኪናውን ፊት በክሪክ አንስቶ፣ አንዱን ጎማ ፈትቶ፣ ድንጋዬን ከኋላ ጎማ ሥር አድርጎታል። «ድንጋዬን አምጣ!» አልኩት። «እትዬ አፀደ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይታገሱኝ፤ ድንጋይ ነው እኮ!» አለኝ። «ውሃው አንተን ይጠብቃል?» ብዬው ገባሁ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስወጣ ግቢው ጸጥ ብሏል። ከመኪናው ሥር ሰው አላየሁም። ድንጋዩን በእግሬ መትቼ አላቅቄ አነሳሁት። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ክሪኩ ዘመመና ወደቀ። አቶ ኢዛና አንድ ጊዜ ጮኸ።

እኔም ጮኼ ሰው ጠራሁ። አራት ጎረቤቶች መኪናውን ሲያነሱ ወ/ሮ ሰገነት እግሩን ይዛ ጎተተችው። እስከ ዛሬ እርስዎ ስትለኝ የኖረች ልጅ «ለድንጋይ ብለሽ ባሌን ገደልሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። አልሞተም። መኪናው ደረቱ ላይ ያልተቀመጠው የፈታውን ጎማ አስቀድሞ ከሥር አስገብቶት ስለነበር ነው። ቀኝ ክንዱ ግን ተሰብሯል፤ ዳግመኛ መሪ ይይዝ እንደሆነ ሐኪሙ አላውቅም ማለቱን ሰምቻለሁ። ጎማ ማስገባቱን ያስተማረው ባለቤቴ ነው። «ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም» ሲለው ቆሜ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜም ከዚህ ሰው ጋር ምን ያስቆመዋል ብዬ ተናድጄ ነበር።

መርማሪው ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ የመንግሥት ሰው አጥቼ ነበር። የእኔ ነው። ከጎማ ሥር ለምን እንደሚደረግ አውቅ እንደሆነ ተጠይቄም፣ ሠላሳ ዓመት የሾፌር ሚስት ሆኜ ኖሬያለሁ፣ አውቃለሁ ብያለሁ።

ከላይ «ከመኪናው ሥር ሰው አላየሁም» ያልኩት እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። ነጠላ ጫማውን አይቻለሁ። እግሩ ውስጡ ነበር።

የተጻፈው ተነቦልኝ፣ እርማቱም መግባቱን ሰምቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አፀደ ዓምደ ሚካኤል
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ኡበይድ ከማለዲን
የተያዘ ኤግዚቢት፦ የተጠረበ ድንጋይ፣ አንድ። ባለቤት፦ ምስክሯ።