ገናሌ ላይ የቆመው ሞተር

በደርግ ጊዜ ከጎባ ወደ ሮቤ በታክሲ ስንሄድ፣ አንድ የጀልባ መካኒክ አጠገቡ ለተቀመጡ ሽማግሌ ሲያወራ ሰማሁ።

«ገናሌ ወንዝ መሃል ስንደርስ የጀልባዋ ሞተር ቀጥ አለ።»

«ያ ረቢ! ከዚያስ?»

«ውሃው ይዞን ነጎደ። ደግነቱ ዳር ላይ የወደቀ ዛፍ ይዘን ተረፍን። አብሮን የተሳፈረው ካድሬ ገና መሬት ሳይረግጥ ‹ይሄ አሻጥር ነው፣ አስርሃለሁ!› አለኝ።»

«ፈርቶ ነዋ!»

«‹ጓድ፣ ከማሰርዎ በፊት ካርቡራተሩን ልፍታው› አልኩት። ስፈታው ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ በሚያጣብቅ ነገር ተደፍናለች።»

«ጭቃ ነው?»

«እኔም ጭቃ መስሎኝ ነበር። ብቀምሰው የደሎ መና ማር!»

«ማርን ከቤንዚን ምን አገናኘው?»

«ቤንዚኑን ያመጣው ራሱ ካድሬው ነው። ከገበሬ የተቀበለውን ማር ገልብጦ፣ ጀሪካኑን ሳያጥብ ቀድቶበት!»

«ታዲያ አሰረህ?»

«ማንን ይሰር? ‹አሻጥረኛው ተገኝቷል፣ ለሰዉ ልናገር?› ስለው፣ ‹ወሬ አታብዛ፣ ጠርገህ አስነሳው› አለኝ።»

«በምን ጠረግከው?»

«በምላሴ!»

እኔ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠውን ካኪ ለባሽ ማጅራት እያየሁ ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩ።