የሌለ ጥርስ ሕመም

ነርስ ነኝ። ለፈተና የድንገተኛ ልብ ሕመም ትምህርቴን እየከለስኩ ከጀውሃ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት መንጋጋቸውን ይዘው "ያ አላህ!" ይላሉ።

"ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?"

"ጥርሴን ነው ልጄ፤ ላስነቅለው ነው።"

"ሲያኝኩ ይብስብዎታል?"

"ኧረ ሳኝክስ ደህና ነኝ። ዳገት ስወጣ ነው የሚነሳብኝ። ዛሬ ግን ተቀምጬም አልተወኝም።"

ገረመኝ። ጥርስ ዳገትን ምን ያውቃል? "እስቲ ያሳዩኝ" አልኳቸው። አፋቸውን ከፈቱ። በያዙት በኩል፣ ከታች፣ አንድም ጥርስ የለም! እጃቸውን ብይዘው በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ከሚኒባሱ እንደወረድን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳቸው። ልባቸው ሲመረመር የደም ሥሩ ተዘግቶ ነበር። ወዲያው ሕክምና ጀመሩላቸው።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "አልሐምዱሊላህ! ግን ልጄ፣ የታመመው ልቤ፣ የሚጮኸው መንጋጋዬ፤ ይኼ እንዴት ነው?"

"የሁለቱ ነርቮች መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ አንጎል ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይሳሳታል።"

ወዲያው ስልኬን ለመኑኝ። ለጎረቤታቸው ደወሉ።

"አንቺ! ያን ዳገት ስትወጪ የሚያምሽን ትከሻ በቅቤ ማሸቱን ተይና አሁኑኑ ወደዚህ ነይ!"